ቡና የመሰለው እንቁላል



ከተማሪዎቼ አንዱ በቅርቡ በስልኩ የያዘውን ፎቶግራፍ አሳየኝ። በቅርጫት የተደረደሩ እንቁላሎች ናቸው። ቀለማቸው ግን እኛ እንደለመድነው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ አይደለም፤ በደንብ የተቆላ ቡና፣ አንዳንዱማ ቸኮሌት የሚመስል ነው። «ኡስታዝ፣ ይሄ በሻይ ቅጠል የተቀቀለ ነው ወይስ ቀለም የተቀባ?» አለኝ። ሌሎቹም ተሰብስበው ከፊሉ ተቀብቷል፣ ከፊሉ አልተቀባም እያለ ተከራከረ። ክርክሩን ስሰማ ጉዳዩ ለዚህ ወር ዓምዳችን እንደሚበቃ ገባኝ። ምክንያቱም ከዚህ እንቁላል ጀርባ የሳይንስ ትምህርትም፣ የንግድ ታማኝነትም፣ አንድን ዝርያ ጠብቆ ለልጅ ልጅ የማስተላለፍ ነገርም አለ።

መልሱ አጭር ነው። እንቁላሉን ማንም ሰው አልቀባውም፤ የቀባችው ዶሮዋ ራሷ ናት። ዝርያዋ ማራን ይባላል። ስሟን ያገኘችው በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከላ ሮሼል ወደብ በስተሰሜን ምሥራቅ ከምትገኝ ማራን ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አካባቢው ረግረግ የበዛበት፣ በቦዮች የተቆራረጠ ዝቅተኛ ምድር ነው። በዚያ ጭቃና እርጥበት ውስጥ እየተሯሯጠች የራሷን ምግብ የምትለቅም ጠንካራ የገጠር ዶሮ ነበረች።

የአካባቢው ሰዎች እንደሚተርኩት፣ በላ ሮሼል መልህቅ የሚጥሉ መርከበኞች በመርከባቸው ላይ የሚያዋጓቸው አውራ ዶሮዎች ነበሯቸው። ከውጊያ የተረፉትን በትኩስ ምግብ እየለወጡ ይሄዱ ነበር፤ እነዚያም ከገጠሯ ዶሮ ጋር ተዳቀሉ። (እንስሳትን ማዋጋት በሃይማኖታችን የተወገዘ መሆኑን ወጣቶቻችን ያውቁታልና አልመለስበትም።) ዋናው ለውጥ የመጣው ግን ኋላ ነው። ክሮድ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1872 ላንግሻን የተባለችውን ዝርያ ከቻይና ወደ እንግሊዝ አገር አስመጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ላንግሻን ግዙፍ፣ እግሯ ላባ ያለው፣ ቡናማ እንቁላል የምትጥል ጥቁር ዶሮ ናት። ዝርያዋ ወደ ላ ሮሼል አካባቢ ዘልቆ ከአገሬው ዶሮ ጋር ሲቀላቀል፣ ዛሬ የምናያት ማራን ቅርጽ መያዝ ጀመረች። እግሯ ላይ ያለው ላባም የዚያ ዝምድና ምልክት ነው።

በ1930 አካባቢ አርቢዎቹ ማኅበር አቁመው የዝርያዋን መለኪያ በጽሑፍ ደነገጉ። ወደ እንግሊዝ አገርም የተሻገረችው በዚያው ዘመን ሲሆን፣ እንግሊዞቹ እግሯ ላይ ላባ የሌላትን እየመረጡ የራሳቸውን መስመር አወጡ። እዚያ በብዛት የምትገኘው እኛ «ገብስማ» የምንላት ዓይነት ናት። ፈረንሳዮቹ አብልጠው የሚወዱት ግን ጥቁር ሆና አንገቷ መዳብ በመሰለ ቀይ ላባ የተከበበውን ነው። የእንግሊዙ ደራሲ ኢያን ፍሌሚንግ በ1957 ባሳተመው ልቦለድ ጀምስ ቦንድ የተባለውን ሰላይ ለቁርሱ የማራን እንቁላል የሚያስመርጥ አድርጎ ስሎታል። የዶሮዋ ስም በዓለም እንዲሰማ ይህም ሳይረዳ አልቀረም።

ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ልትጠፋ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በየጓሮው ዘር የሚሆን ንጹሕ ማራን ማግኘት እጅግ ከባድ ሆኖ ነበር። ጥቂት የተረፉትም እንቁላላቸው ፈዝዞ ነበር። የፈረንሳይ እርሻ መሥሪያ ቤት ከ1946 እስከ 1952 ድረስ እየመረጠ የማራባት ሥራ አካሂዶ ቀለሙንም ብዛቱንም መለሰ፤ በ1952 የአንዲት ዶሮ ምርት በዓመት ወደ 200 እንቁላል ደርሶ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ሲያቆም የተረከቡት እንደ እናንተና እንደ እኔ ያሉ ተራ ሰዎች፣ በየቤታቸው አሥርና ሃያ ዶሮ የያዙ የማኅበሩ አርቢዎች ናቸው። እስከ ዛሬ የቆየችው በእነርሱ እጅ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። አንድ እንቁላል በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ተሠርቶ እስኪወጣ ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ አስኳሉ ከማፍሪያው ተላቆ ወደ ረጅሙ ቱቦ ይገባል። በመንገዱ ላይ ነጩ ይለብሰዋል፤ ለዚህ ሦስት ሰዓት ያህል በቂ ነው። ቀጥሎ ሁለት ስስ ሽፋኖች ይለብሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ማለትም 20 ሰዓት ገደማ የሚያልቀው ቅርፊቱ በሚገነባበት ክፍል ውስጥ ነው። ቅርፊቱ ኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ ነጭ ነው። ስለዚህ የዓለም ዶሮ ሁሉ እንቁላል መሠረቱ ነጭ ነው ማለት ይቻላል።

በማራን ላይ የተለየው ነገር የሚሆነው በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ነው። ቅርፊቱ ሊያልቅ ሲል የዶሮዋ አካል ፕሮቶፖርፊሪን የተባለ ቡናማ ቀለም እያመነጨ በላዩ ላይ ይደርባል። ይህ ንጥረ ነገር ደማችንን ቀይ ከሚያደርገው ሄም ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ማንኛዋም ቡናማ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ይህንኑ ቀለም ትጠቀማለች፤ ማራን ግን ከሌሎቹ አብዝታ ትደርበዋለች። እንቁላሉን ስትሰብሩት የቅርፊቱ ውስጥ ነጣ ብሎ ታገኙታላችሁ። ቀለሙ የላይኛው ልባስ ብቻ ነውና።

ማስረጃ የሚፈልግ ወጣት በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል። እንቁላሉ ከዶሮዋ በወጣበት ቅጽበት፣ ገና እርጥብ ሳለ በጣቱ ቢያሸው ቀለሙ ይለቃል። ዶሮዋ ተነሥታ ስትወጣ በጥፍሯ ከነካችው ጭረቱ እንደተቻኮለ ቀቢ ሥራ ተጽፎበት ይቀራል። ከደረቀ በኋላም ቢሆን በሸካራ ነገር አጥብቆ የሚያጥብ ሰው ከቀለሙ ይቀንሳል። ስለዚህ የዶሮ ኩስ የነካውን እንቁላል አስቀድሞ አጥቦ ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም፤ እጥበቱ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ተሕዋስያን እንዳይገቡ የሚከላከለውን ስስ ልባስም ያነሣል። እናቶችና እህቶች፣ ንጹሑን ሳታጥቡ አስቀምጡት፤ የቆሸሸውን ለይታችሁ ልትሰብሩት ስትሉ ለብ ባለ ውኃ እጠቡት። መጣያ ሳጥኑ ዘወትር ደረቅ ገለባ ካለው የሚቆሽሸው ጥቂት ነው።

ሌላ ነገር ልጨምር። ሰማያዊ እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎችም በዓለም አሉ። የእነርሱ ቀለም ግን በቅርፊቱ ውስጥ ዘልቆ ገብቶ እስከ ውስጥ ድረስ ይታያል። የማራን አውራ ከሰማያዊ ጣይ ዶሮ ጋር ሲዳቀል የሚወለዱት ሴቶች የወይራ ፍሬ የመሰለ አረንጓዴ እንቁላል ሊጥሉ ይችላሉ፤ ሰማያዊው ቅርፊት ላይ ቡናማው ልባስ ሲያርፍበት ማለት ነው። በአሜሪካ ብዙ ወጣት አርቢዎች ይህን ይወዱታል። ለዓይን ደስ ይላል፤ ከዚያ ቅልቅል የተወለደችውን «ማራን» ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የቀለሙ መጠን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቄቧ መጣል ስትጀምር የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ብዙ ጊዜ እጅግ የጠቆሩት ናቸው። እየጣለች ስትሄድ ቀለሙ ይሳሳል፤ በወቅቱ ማብቂያ ከተራ ቡናማ እንቁላል ብዙም የማይለይ ሊሆን ይችላል። በአውሮፓ በመኸር ቀኑ ሲያጥር ዶሮዋ ላባዋን አርግፋ ታርፋለች። በጸደይ ብርሃኑ ሲረዝም እንደገና ስትጀምር ቀለሙም ይመለሳል። እንግዲህ በሰኔ ወር አንዲት ማራን የጣለችውን አይቶ «ተታለልኩ» የሚል ገዢ ሊሳሳት ይችላል፤ በመጋቢት ያነሣውን ፎቶግራፍ ይዞ በመስከረም የሚሸጥ ሻጭ ደግሞ ሌላውን ያሳስታል። ድንጋጤ፣ ኃይለኛ ሙቀት፣ እንደ ፈንግል ያለ በሽታም ቅርፊቱን በድንገት ያፈዙታል። ለዶሮ የአንጀት በሽታ የሚሰጠው ኒካርባዚን የተባለ መድኃኒትም ቡናማውን እንቁላል ነጭ እስኪመስል ድረስ ሊያነጣው እንደሚችል የታወቀ ነው። በጠቅላላው ጤነኛ የነበረች ዶሮ ቀለሟ በአንድ ሳምንት ከወረደ አርቢው ቀድሞ ስለ ጤንነቷ ይጠይቅ። በአንጻሩ ፈዛዛ እንቁላል የምትጥለውን ዶሮ በምግብ ለማጥቆር መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ መኖ የአስኳሉን ቀለም ይለውጣል እንጂ የቅርፊቱን አያጠቁርም።

ከዚህ ቀጥሎ ግልጽ መነጋገር የሚያስፈልገው ስለ ዋጋው ነው። የጠቆረው እንቁላል ከፈዘዘው የበለጠ ምግብነት የለውም። ፕሮቲኑም ስቡም ቫይታሚኑም የሚወሰነው ዶሮዋ በምትበላውና በአያያዟ ነው። ጣዕሙም ቢሆን ከቅርፊቱ ቀለም የሚመጣ አይደለም። አረንጓዴ የሚለቅም፣ ሣር ላይ የሚውል ዶሮ አስኳሉ ደመቅ ይላል፤ ይህም ከየትኛውም ዝርያ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ለጤና ነው»፣ «ለደም ማነስ ነው» እያለ ጥቁሩን እንቁላል ዕጥፍ የሚያስከፍል ነጋዴ የሌለውን ነገር እየሸጠ ነው። የሸቀጥን እውነተኛ ሁኔታ ለገዢ መግለጽ በሃይማኖታችን ግዴታ መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ተምረናል። «ቀለሟ ያምራል፣ ዝርያዋ ብርቅ ነው፣ ብዙ አትጥልም፣ ስለዚህ ተወዷል» ብሎ መሸጥ ይቻላል፤ ይህ እውነት ነው፤ ፈቅዶ የገዛም ይባረክለት።

ብዙ አለመጣሏም ከቀለሙ ጋር የተያያዘ ነው። ማራን በዓመት ከ150 እስከ 200 ገደማ ትጥላለች። ለእንቁላል ፋብሪካ ተብለው የተዳቀሉት ግን ከ300 ያልፋሉ። አርቢዎች ደጋግመው እንዳዩት፣ እጅግ የጠቆረ የምትጥለው ዶሮ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው የምትጥለው። እንቁላሉ በቅርፊት መሥሪያው ውስጥ በቆየ መጠን ልባሱ ይወፍራልና። በብዛት ለመጠቀም የሚሻ ቤተሰብ ሌላ ዶሮ ይግዛ።

ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። ይህ ቀለም አንድ ጊዜ ተገኝቶ ለዘላለም የሚኖር ነገር አይደለም። የሚወሰነው በአንድ ዘረ-መል ሳይሆን በብዙዎች ድምር ነው፤ ስለዚህ በየትውልዱ ካልተመረጠ ይበተናል። የማራን ማኅበር ከ1 እስከ 9 የተቆጠረ የቀለም ሰሌዳ አለው። 1 ነጭ ሊባል የሚችል ነው፤ 9 ከጥቁር ቡና የማይለይ ነው። ከ4 በታች የሆነውን እንደ ማራን እንቁላል አይቆጥሩትም። ጠንቃቃ አርቢ ለማስፈልፈል የሚለየው በሰሌዳው ላይ ከፍ ያለውን፣ ቅርጹ የተስተካከለውን፣ ክብደቱም 65 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነውን ብቻ ነው። የቀረው ለቁርስ ነው።

ይህን በአፍ መናገር ቀላል ነው። አሁን ግን አስቡት፦ የማራን ጫጩት በአውሮፓና በአሜሪካ በውድ ይሸጣል። አርቢው በቀን አሥር እንቁላል ቢያገኝና ለዘር የሚበቁት ሦስት ቢሆኑ፣ ሰባቱን ጠብሶ ይብላቸው ወይስ ሁሉንም አስፈልፍሎ ይሽጣቸው? ገዢው ጫጩት ሲገዛ እንቁላሉን አያይም። ከሰባት ወር በኋላ ፈዛዛ እንቁላል ሲመጣበት ደግሞ ሻጩ የለም። ዝርያዋን ጦርነት ሊያጠፋት ተቃርቦ ነበር ብያለሁ፤ በሰላም ጊዜ የሚያጠፋት ግን ይህ ነው። ስሟ በየቦታው ይበዛል፣ እንቁላሏ ግን እንደማንኛውም ይሆናል። ሰባቱን ለቁርስ ያደረገው ሰው ዛሬ ከኪሱ ከፍሏል። ማንም አላየውም፣ ማንም አላመሰገነውም፤ ማራን እስከ አሁን ያለችው ግን በዚያ ሰው ምክንያት ነው።

አውራውን መምረጥ ደግሞ ይበልጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። አውራ ዶሮ እንቁላል አይጥልም፤ ሆኖም የቀለሙን ግማሽ ውርስ ለሴት ልጆቹ የሚሰጠው እርሱ ነው። መልኩን አይቶ መፍረድ አይቻልም። የመጀመሪያው መነሻ እርሱ ራሱ የተፈለፈለው ከምን ዓይነት እንቁላል እንደሆነ ማወቅ ነው። ትክክለኛው ማስረጃ ግን የሴት ልጆቹ እንቁላል ነው። እነርሱ ተፈልፍለው፣ አድገው፣ በስድስት ወይም በሰባት ወራቸው መጣል እስኪጀምሩ ወደ ዓመት ይጠጋል። እስከዚያ አባትየውን አርዶ የበላ አርቢ ዓመቱን መልሶ ከዜሮ ይጀምራል። እንዲሁም ወንድምና እህትን ለብዙ ትውልድ ማዳቀል የመፈልፈል አቅምን ያዳክማል። ስለዚህ ሁለት ሦስት አርቢዎች ተማክረው አውራዎቻቸውን ቢለዋወጡ ለሁሉም ይበጃል።

በማስፈልፈያ መሣሪያ የሚጠቀሙ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የሙቀቱ መጠንና የ21 ቀኑ ቆይታ እንደማንኛውም የዶሮ እንቁላል ነው፤ ነፋስ የሚያዞር መሣሪያ ከሆነ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ። ነገር ግን ጥቁሩ ልባስ ወፍራም ስለሆነ ከውስጥ የሚተነው ውኃ ይቀንሳል። እንቁላል በ18ኛው ቀን ከክብደቱ ከ11 እስከ 14 በመቶ ያህል መቅለል አለበት፤ ይህ ካልሆነ ጫጩቱ የሚተነፍስበት አየር ስለሚያንሰው ቅርፊቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ስለዚህ የማራን አርቢዎች በመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት እርጥበቱን ከተለመደው ዝቅ ያደርጋሉ፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከፍ ያደርጉታል። በየሳምንቱ መመዘን ከመገመት ይሻላል። ሁለተኛ፣ በመብራት አሻግሮ ማየት በዚህ እንቁላል ላይ ያስቸግራል፤ ጥቁረቱ ብርሃኑን ይይዘዋል። ጨለማ ክፍልና ኃይለኛ ባትሪ ያስፈልጋል። ዶሮዋ ራሷ ከታቀፈች ግን ይህ ሁሉ ሒሳብ አይመለከታችሁም።

አያያዟ ከሌሎች ብዙ አይለይም። አውራው እስከ 4 ኪሎ፣ ሴቷ 3 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ ስለዚህ ቆጡ ዝቅ ያለ ይሁን፣ ከከፍታ ስትዘል እግሯ ይጎዳል። እግሩ ላባ ያለው ዓይነት ጭቃ ስለሚይዝበት ቅማልና የእግር እከክ ይከተላል፤ ጉዝጓዙ እንዲደርቅ ማድረግ ዋናው መድኃኒት ነው። ለቅርፊቱ ጥንካሬ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት በተለየ ዕቃ ይቅረብላት። የፈንግል ክትባት አይታለፍ። ጠባይዋ ዝግ ያለ በመሆኑ ሕፃናት ባሉበት ቤት ትስማማለች፤ ጭልፊት ሲመጣ ግን ይኸው ዝግተኝነቷ ይጎዳታል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ስለ ወንዶቹ ነው። ከሚፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ ወንዶች ናቸው። ለእንቁላል ብቻ የተዳቀሉት የፋብሪካ ዶሮዎች ወንድ ጫጩት ሥጋው ስለማያዋጣ፣ በብዙ አገር በተፈለፈለበት ቀን ይገደላል። ጀርመን ይህን ከ2022 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች፤ ፈረንሳይም ከ2023 ጀምሮ ገድባለች። ርካሽ እንቁላል ስንገዛ ይህ በውስጡ እንዳለ ጥቂቶች ነን የምናውቀው። ማራን ግን ከጥንት ለእንቁላልም ለሥጋም የተያዘች ናት። ወንዱ አምስት ስድስት ወር ያድጋል፣ ከዚያ ለቤተሰቡ ምግብ ይሆናል። በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ጫጩት ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ፦ በከተማችሁ አውራ ዶሮ ማኖር ይፈቀዳል ወይ፣ በቤት ውስጥ ማረድስ? ብዙ ከተሞች በጩኸቱ ምክንያት ሴቷን ፈቅደው አውራውን ይከለክላሉ። ካላወቃችሁ ልጆቻችሁ ስም ያወጡለትን ወጣት አውራ በአራተኛው ወሩ ወዴት እንደምትወስዱት ትጨነቃላችሁ። ሲታረድም ሌሎቹ በማያዩበት፣ በተሳለ ቢላ፣ ሳይንገላታ፣ በአላህ ስም ይሁን። ልጅ ጫጩቱን መግቦ አሳድጎ የመጨረሻውንም ሥርዓት በአግባቡ ሲፈጸም ቢያይ፣ ሥጋ ከሱቅ ማቀዝቀዣ የሚመጣ ከሚመስለው ልጅ የተሻለ ያውቃል ብዬ አምናለሁ፤ ልቡ ገር የሆነውን ልጅ ግን አታስገድዱት።

በአገር ቤት ያሉ ወጣቶች «እኛስ ከየት እናገኛታለን?» እንደሚሉ እገምታለሁ። ሕይወት ያለው ዶሮም ሆነ ለመፈልፈል የሚሆን እንቁላል ያለ እንስሳት ጤና ፈቃድ ከውጭ አይገባም፤ በሻንጣ ደብቆ ማምጣት በሽታን ለጎረቤት መንደር ሁሉ ማምጣት ሊሆን ይችላል። ደግሞም ለመምረጥ ሥራ የግድ ማራን አታስፈልግም። በእኛ ገበያ ትንሿ የሀበሻ እንቁላል ከፈረንጅ እንቁላል በልጣ ትሸጣለች፤ ዶሮዋ ግን በጓሮ እየለቀመች በዓመት ከ40 እስከ 60 ገደማ ብቻ ነው የምትጥለው። ለአሥርተ ዓመታት እንደ ሮድ አይላንድ ሬድ ያሉ የውጭ ዝርያዎች በየገጠሩ ሲከፋፈሉ የኛው ተደበላልቃለች። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ2008 ሆሮ የተባለችውን የአገራችንን ዶሮ ከውጭ ሳያዳቅሉ፣ ከራሷ መካከል እየመረጡ የማሻሻል ሥራ ተጀምሮ ነበር። መንገዱ ፈረንሳዮቹ በማራን ከሄዱበት ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ ቀለም ሲመርጡ የኛዎቹ የእንቁላል ብዛትና የሰውነት ክብደት መምረጣቸው ነው።

አምስት ዶሮ ያለው ቤተሰብም ይህን በደብተር ሊጀምር ይችላል። ለእያንዳንዷ እግር የተለያየ ቀለም ያለው ክር ሳይጠብቅ ይታሰር። ልጆች እንቁላሉን ሲያነሡ በሰፊው ጫፍ ላይ የክሩን ቀለምና ቀኑን በእርሳስ ይጻፉበት፤ እስክሪብቶ አይሁን። በወጥ ቤት ሚዛን መዝነው በደብተሩ ላይ ያስፍሩት። የትኛዋ መቼ እንዳቀፈች፣ ስንት እንደፈለፈለች፣ ስንቱ ከሸለምጥማጥና ከፈንግል ተርፎ ሦስት ወር እንደሞላው ይመዝገብ። ዓመት ሲሞላ ደብተሩን ዘርግታችሁ ከየትኛዋ ዶሮ እንቁላል ማሳቀፍ እንዳለባችሁ፣ የየትኛዋን ልጅ ደግሞ ለአውራነት መተው እንዳለባችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ትነጋገራላችሁ።